ብልቃጥ ጠባቂዋ

ግድግዳው ስስ ነው፤ ከወዲያ ያለው ሰው ሲያዛጋ ከወዲህ ያለውም አፉ ይከፈታል። እናትየዋ ማለዳ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታጠልቅ፣ ልጇ ከግድግዳው ማዶ ለሚስቱ የሚናገረውን ሰማች። ልስማ ብላ አልነበረም፤ ጆሮ መዝጊያ የለውም። «ራሳቸው የሰጡኝን ዶክትሬት ራሳቸው አንቆጥረውም አሉ» ይላል። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ አንዱን ነገር ሲያገላብጥ አድሮ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነው። «እንዴት አንቆጥረውም ይላሉ? ካባ አልብሰው፣ ቆብ ደፍተውልህ፣ ፎቶ አንስተው የሰጡህን?» አለች ሚስቱ። «የሚቆጠረው በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ብቻ ነው። የኛ ገና አልገባም። ለመግባት ብለው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ዛሬ ከሰዓት ጉባኤው ተቀምጦ ይወስናል፤ በኔ ቦታ የውጭ ፕሮፌሰር ሊያስገቡ ነው።» ከዚያ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን አንድ ነገር በእጄ አለ፤ እሱን...» ብሎ ሲጀምር፣ የሕንጻው የውኃ መሳቢያ ሞተር ከምድር ቤት አጓራ። ውኃ የሚመጣው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በየፎቁ ባልዲና ጀሪካን ይንኳኳ ጀመር፤ የቀረው ቃል በዚያ ጩኸት ተዋጠ። እናትየዋ አንድ እግሯ ካልሲ እንዳደረገ፣ አንደኛው ባዶ እንደሆነ ፈዛ ቀረች።

የወለደውን ልጅ አላውቅህም የሚል አባት አይታለች፤ ዓለም ሰፊ ነው፣ ጉድ አያልቅበትም። ያስተማረውን ተማሪ፣ በገዛ ማኅተሙ የመረቀውን፣ አላውቅህም የሚል ትምህርት ቤት ግን ሰምታ አታውቅም። ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል የለ? የገዛ ቤቱ ካቀለለው ነገ ማን ይቀጥረዋል? በዚህ ዕድሜው፣ ጠጉሩ ከጎንና ከጎን ሸብቶ፣ እንደ አዲስ ምሩቅ ፋይል ታቅፎ በየቢሮው ሲዞር ታያት። ልጅ አርባ ቢሞላው ለእናት ምንድን ነው? ያው የሚወድቅ፣ የሚበርደው፣ ሰው የሚገፋው ልጅ ነው።

ማድቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ግማሹን የያዘው ፍሪጁ ነው፤ በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ግን የሚበላ ነገር የለም። ወተታቸው የሚቀመጠው ፊት ለፊት ካለችው ጎረቤት ዘንድ ነው፤ እሷም በወር አንዴ፣ «የኛ ፍሪጅ የናንተን እየጠበቀ፣ የናንተ ፍሪጅ ምን ይጠብቃል?» እያለች በሣቅ አስመስላ ትወጋቸዋለች። ሥጋ የሚገዛው ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ቲማቲም በየቀኑ በችርቻሮ ዋጋ ይገዛል፤ ዋጋው ሲጨምር ቀድሞ የሚሰማው በነሱ ኪስ ነው። ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች የሞሉት አውራ ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦች ናቸው፤ በየብልቃጡ ውስጥ እንደ ረጋ ሾርባ ያለ ነገር አለ፣ በዚያ ላይ ደግሞ በዓይን የማይለዩ ነፍሶች ይኖራሉ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ ልጇ በዚያ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ቀለሙን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አግኝቶ፣ ስምንት ዓመት አንድ በአንድ ለቅሞ አሳድጓቸዋል። ቀለም ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ሲጨምራቸው በሦስተኛው ቀን ውኃው ይጠራል፤ በዓይኗ አይታዋለች። አምና በክረምቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መብራት ለብዙ ቀን ጠፍቶ፣ ጄነሬተሩ ሁሉ ለእንግዳ ማሳያ ወደተሠራው አዲስ ሕንጻ ሲዞር፣ ልጇ ብልቃጦቹን በሁለት የገበያ ቦርሳ ሞልቶ ወደ ቤት አመጣቸው። ያን ጊዜ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለጎረቤት እንዳትናገሪ እማዬ፤ ባክቴሪያ ሲሉ ሰዎች ይሸበራሉ።»

ከዚያ ወዲህ ጠባቂያቸው እሷ ሆነች። ሰው በከንቱ በሩን እንዳይከፍት ትቆጣለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የራሷን ብርድ ልብስ አንስታ ፍሪጁን ታለብሰዋለች፤ ሲቆይ ደግሞ ዓሣ መሸጫው ድረስ ወርዳ በረዶ ትገዛለች። ዓሣ ሻጩ፣ «ማዘር፣ ዓሣውን ትታችሁ በረዶውን ብቻ ነው እንዴ የምትበሉት?» ይላታል። «የልጅ ልጅ ብለምነው ብልቃጥ አመጣልኝ» ትላለች ለራሷ፤ ምራቷ ፊት ግን አትለውም፤ ቀልድም ቢሆን የሚያቆስል ቀልድ አለ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድም የሚነገር ነገር እንደሌለው ሰው ሻይ ጠጡ። ምራቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት መወደድ አወራች፤ «ትናንት አንድ ሽማግሌ ዋጋውን ጠይቀው፣ ግማሹን ፍሬ ሸንሽነሽ ስጪኝ አሉኝ» አለች። ልጇ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እናትየዋ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል፣ «ደህና አደርክ ወይ?» አለችው፤ «ደህና» አለ። «ዛሬ ሥራ የለህም?» «ከሰዓት ነው የምገባው።» ይኸው ነው። በዚህ ቤት ለእሷ መርዶም ብሥራትም አይነገራትም፤ እንዳትጨነቅ ብለው ይሸሽጓታል፣ እሷም እንዳይጨነቁ ብላ የሰማችውን እንዳልሰማች ትሆናለች፤ እንዲህ ተዛዝነው ተዛዝነው ሦስት ባዳ ሆነው ይኖራሉ። ምራቷ ወደ ሥራ ወጣች። እሱ ነጭ ሸሚዙን ዘርግቶ መተኮስ ጀመረ፤ የኮሌታውን አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲተኩስ አይታ አላስቻላትም። «እኔ ክሊኒክ ደርሼ ደሜን ልለካ» አለች። «ልሸኝሽ?» «ኧረ ተወኝ! እግር አለኝ» ብላ ሻርፗን አጣፍታ ወጣች።

የሄደችው ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ነበር። ታክሲው ውስጥ ሒሳብ ተቀባዩ አዲሱን ዋጋ ሲነግራት፣ «ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም» ብትለው፣ «ትናንትማ እርስዎም ልጅ ነበሩ ማዘር» ብሎ ተሳፋሪውን አሣቀባት። በመስኮቱ እያየች የምትለውን ትለማመዳለች። የልጇ አለቃ የሆነው ዲን ባዳ አይደለም፤ የልጇ የክፍል ጓደኛ ነው። በተማሪነታቸው ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ይመጣ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ አንገቱን አቀርቅሮ የሚበላ፣ ድጋሚ ሲጨመርለት «ይበቃኛል» እያለ የሚጨርስ ቀጭን ልጅ ነበር። ኋላ ውጭ አገር ሄዶ ተምሮ መጣ። ያበላ እጅ አይታፈርም፤ እናት ስትለምን ደግሞ ምን ያለ ደንብ ነው የሚከለክላት? እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን አደፋፈረች። በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ከአጥር እስከ አጥር የተወጠረ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «ወደ ዓለም አንድ ሺህዎቹ ተርታ!» ይላል፤ ከሥሩ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ልጇ ከመካከላቸው እንዳለ ብላ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳቸውንም አታውቃቸውም፤ የዚህ አገር ሰዎችም አይመስሉም።

የዲኑ ጸሐፊ መጀመሪያ ቀጠሮ አለዎት ወይ ብላ ልትመልሳት ነበር፤ ዲኑ ራሱ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ሲል አያት፤ «እናቴ!» ብሎ በሁለት እጁ ያዛት። ወፍሯል፤ አቀርቅሮ የሚበላው ልጅ ከዚያ ሁሉ ሥጋ ውስጥ በዓይኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። ቢሮው ብርዳም ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ያለበት ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ሰመጠች፤ ጉልበቷ ከደረቷ ጋር እኩል ሆነ። «እርስዎን ላስቸግር አልመጣሁም» ብላ ስትጀምር፣ «ኧረ እናቴ፣ እኔን ነው አንቱ የሚሉኝ? አንተ ይበሉኝ እንጂ» አለ። ያን ጊዜ ልቧ ረገብ አለ። የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ጉባኤውን፣ የማይቆጠረውን ዲግሪ፣ የውጭውን ፕሮፌሰር። «እናንተ የሰጣችሁትን እናንተ ካልተቀበላችሁ ማን ይቀበልለት ልጄ?»

ዲኑ በእጁ የያዘውን እስክሪብቶ እየከፈተ እየዘጋ አዳመጣት። «እናቴ፣ እውነትዎን ነው» አለ። «ግን ዓለም ሩጫ ላይ ነው። ድሮ አገር ከአገር በጦር ነበር የሚፎካከረው፤ አሁን በዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስንት ጥናት ታተመ፣ ስንት የውጭ መምህር አለ፣ ስንት ሰው ስማችሁን ጠቀሰ፤ በዚህ ነው የሚመዝኑን። ጎረቤቶቻችን አምና ከኛ በታች ነበሩ፤ ዘንድሮ ዘለውን አለፉ። ምን አገኙ? ምንም! ስመ ጥር ሰዎችን ቀጥረው በየጽሑፋቸው ላይ የነሱን ዩኒቨርሲቲ ስም አስጻፉ። መንግሥት በየሳምንቱ እየደወለ፣ እነሱ የት ደረሱ እናንተ የት ናችሁ ይለኛል። ቁጭ ብዬ ልይ?»

«እና እናንተም ሰው ገዛችሁ?»

«ቀጠርን ይበሉ እንጂ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«በዓመት ሁለት ሳምንት ይመጣል።»

«የቀረውን ጊዜ ልጆቹን ማን ያስተምራቸዋል?»

ዲኑ ሣቀ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ልጅዎ አልነገረዎትም መሰለኝ። ያንን ደንብ ያረቀቀው እኮ እሱ ራሱ ነው» አለ። እናትየዋ የሰማችው ነገር ቶሎ አልገባትም። «ከሦስት ዓመት በፊት ኮሚቴ ውስጥ አብረን ነበርን። ደረጃችን ከፍ እንዲል መምህር የሚቀጠረውም የሚቆየውም ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ከሆነ ብቻ ይሁን ያለው እሱ ነው። ነባሮቹን፣ ተመራማሪዎቹን አይነካም ብሎ አስቦ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ለነሱም ደረሰ። ያኔ ሰባት መምህራን ወጡ። አንደኛዋ የኔ ታናሽ እህት ናት፤ አሁን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆናለች።» እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። «ያኔ አንድም እናት አልመጣችልኝም።»

ክፉ ሆኖ አልተናገረውም፤ እሱ ነው የባሰው። እናትየዋ ሻርፗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ አንዱ አዛወረች። ልጇ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብላ አስባ አታውቅም፤ ሆኖም ጥፋቱን ስትሰማ የመጣባት ቁጣ ሳይሆን የበለጠ ፍርሃት ነው፤ አጥፍቶ የተገኘ ልጅ ካላጠፋው ይልቅ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ደግነቱን የሚያሳይ፣ ለዚህ ቤት ምን ያህል እንደደከመ የሚናገር አንድ ነገር ማቅረብ አለባት። ፈለገች፤ አገኘችም። «ልጄ፣ እሱ ጥፋት ቢኖርበትም ለዩኒቨርሲቲው የሚሳሳ ነው» አለች። «አምና መብራት ሲጠፋ እነዚያን የወንዝ ብልቃጦች ተሸክሞ ቤት አምጥቶ፣ ይኸው ዓመት ሙሉ የገዛ ፍሪጃችንን ለቀን፣ ወተት እንኳ ማስቀመጫ አጥተን፣ እኔ በብርድ ልብሴ እየሸፈንኩ...»

የዲኑ እጅ አየር ላይ ቀረ። «የትኞቹን ብልቃጦች?»

«ቀለም የሚበሉትን ነዋ።»

«ሞተዋል ተብሎ አልነበረም እንዴ? ሁሉም አሉ?»

«ምን ብሎ ይሞታል!» አለች፤ እዚህ ላይ ኩራት ድምጿን ከፍ አደረገው። «እኔ እያለሁ? አንድም አልሞተም።»

ዲኑ ብድግ አለ። መጥቶ ግንባሯን ሳማት። ሻይ አዘዘላት፣ ብስኩት በሰሃን መጣላት፤ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ በስልክ በውጭ ቋንቋ ያወራ ጀመር። ቋንቋውን ባታውቀውም ደስታን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለውም ሰው ሲሥቅ ይሰማታል። ጨርሶ ሲመለስ፣ «እናቴ፣ ዛሬ ያደረጉልንን ነገር አያውቁትም። የልጅዎን ጉዳይ የምችለውን ያህል አነሣለሁ። አሁን በታክሲ አይንገላቱ፤ በመኪና ላድርስዎት» አለ። እናትየዋ የብስኩቱን ግማሽ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ ለልጇ። ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ ቀልሏት ነበር።

መኪናው አዲስ ነው፤ ወንበሩ ላይ የለበሰው ፕላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አስገባት፤ እርሷ ከኋላ ስትቀመጥ ከጎኗ ነጭ ክዳን ያለው ሰማያዊ ሳጥን ተቀምጧል። መስኮቱን በጥቂቱ ከፍታ፣ የሚያልፉትን ታክሲዎች እንደ ሹም ሚስት እያየች ሄደች፤ ያ ሒሳብ ተቀባይ ባየኝ ብላም ተመኘች። የተወሰነ መንገድ እንደሄዱ የሹፌሩ ስልክ ጮኸ፤ እጁ መሪው ላይ ስለሆነ ድምፁን ለቀቀው። የጸሐፊዋ ድምፅ ነው። «ሳጥኑን በበረዶ ሞልተኸዋል አይደል? ብልቃጦቹን ሳታናውጥ በቀጥታ ወደ አዲሱ ሕንጻ ውሰዳቸው። ፕሮፌሰሩ ዛሬውኑ በስክሪን ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል። ከጉባኤው በፊት ይድረስ።» «ዶክተሩ እምቢ ካሉስ?» አለ ሹፌሩ። «ንብረቱ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ምን ብለው እምቢ ይላሉ? ቦታውን አሮጊቷ ታሳይሃለች።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። እናትየዋ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ክዳኑ ቀዝቃዛ ነው። ማለዳ የውኃው ሞተር የዋጠው ነገር አሁን ወለል ብሎ ተሰማት፤ አንድ ነገር በእጄ አለ ያለው ይኸንን ነው። ሁሉም ሞተዋል ብሎ ያመነው ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ አሉ፣ በኔ እጅ ናቸው፣ እኔን በሥራዬ ላይ ካቆያችሁ ይመጣሉ ሊላቸው ነበር። ለጎረቤት እንዳትናገሪ ያላት ለጎረቤት ብሎ አልነበረም። ምነው በነገረኝ! ምነው እንደ ሰው ቆጥሮኝ፣ እማዬ ነገሩ እንዲህ ነው ቢለኝ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እጇን አፏ ላይ ጫነችው፤ አሁን ምን ሊረባ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ፣ ገበያ ልግባ» አለች። «ግድ የለም ማዘር፣ እጠብቅዎታለሁ» አለ። «አይ፣ እንግዲያስ አትጠብቀኝ፣ እቆያለሁ።» «ምንም አይደለም።» ትንሽ ቆይታ፣ «ቤቱን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ አሁን አሁን ይጠፋብኛል፤ በዚያ በኩል ይመስለኛል» ብላ ተቃራኒውን መንገድ ጠቆመችው። ሹፌሩ መሪውን አላዞረም። «ማዘር» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ፣ «ቤቱን እኔ አውቀዋለሁ። ዶክተርን ከመስክ ስንመለስ ስንቴ አድርሻቸዋለሁ። እባክዎ አያስቸግሩኝ፤ እኔም የልጆች አባት ነኝ።» በሩን ከፍቼ ልውረድ ብላ አስባ ነበር፤ ወርዳስ? በዚያ ጉልበቷ መኪና ልትቀድም ነው?

ልጇ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ የሚናገረውን ለራሱ እያነበነበ ነበር። በሩ ሲከፈት፣ «ክሊኒኩ ምን አለሽ?» እያለ ዞረ፤ ከኋላዋ የቆመውን ሹፌር፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ ከዚያ እንደገና እናቱን አየ። ሹፌሩ፣ «ዶክተር፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። ሰው ሲቆጣ፣ ሲጮህ፣ ብርጭቆ ሲወረውር አይታለች፤ ልጇ ግን እንደዚያ አላደረገም። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። «በረዶው ብዙ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክዳኑን ከፍቶ በእጁ ዳሰሰው፤ «በቀጥታ በረዶው ላይ አይቀመጡም፤ ጋዜጣ ያስፈልጋል» አለና አሮጌ ጋዜጣ ከአልጋው ሥር አወጣ።

ፍሪጁን ከፈተ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ክዳናቸው የላላውን እያጠበቀ፣ በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ ቀጥ አድርጎ ይደረድራቸው ጀመር፤ እንደ ጠላት ዕቃ መወርወር የነበረበትን እንደ እንቁላል ያስቀምጣል። እናትየዋ ይህን ማየት አልቻለችም፤ ደግሞም ከማየት በቀር የምትሠራው አልነበራትም። ሹፌሩ፣ «ይህኛው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው እንኳ መለሰለት፤ «ይኼኛው ጠንካራው ነው፤ ጥቁሩን ቀለም የሚበላው እሱ ብቻ ነው። ለሚረከበው ሰው ንገርልኝ፣ በወር አንዴ ምግቡ ካልተቀየረ ይደክማል።» እናትየዋ ይህን ሰማች። ልጇ ጋዜጣ ሊቀድድ ጎንበስ ሲል እጇን ዘርግታ ያንኑ ብልቃጥ አነሣች፤ በሸሚዟ አንገት ሰድዳ ጡቷ መሐል ደበቀችው። አንዱ እንኳ ይቅርለት፤ አንዱ እንኳ በእጁ ይኑር። ሹፌሩ አይቷል፤ አየሁ ግን አላለም።

ልጇ ቀና ብሎ ባዶውን ቦታ አየ፤ ከዚያ እሷን። ሳይናገር መዳፉን ዘረጋላት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «እማዬ» አለ፤ ከገባች ወዲህ እንዲህ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው፤ «መልሺው። ከሙቀትሽ ይሞታል።»

አውጥታ ሰጠችው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር ደረቷ ላይ የቆየው፤ ያም ሆኖ መስታወቱ ለብ ብሎ ነበር። እሱ ጣቶቹን አዙሮ ከዳሰሰው በኋላ ከሁሉ ይልቅ ወደ በረዶው ቀረብ አድርጎ አስቀመጠው። ሳጥኑ ተከደነ። ሹፌሩ በሁለት እጁ አቅፎ ደረጃውን በእርጋታ ሲወርድ ልጇ ከላይ ሆኖ፣ «ቀስ በል፣ ሁለተኛው እርከን ተሰብሯል» አለው። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የጉባኤው ጊዜ ሲደርስ አልተነሣም። እናትየዋ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «እኔ ላድንህ ብዬ ነው» ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ስለ ደንቡም፣ ስለ ሰባቱ መምህራንም ልትጠይቀው ነበር፤ እሱንም ተወችው። እሱም ማን ነገራቸው ብሎ አልጠየቀም። ብስኩቱን ከመሐረቧ ፈትታ ከፊቱ አስቀመጠችለት፤ በጨዋ ደንብ አመሰገነና ሳይነካው ቀረ። ከታች ልጆች ኳስ ሲለጉ፣ አንዷ ሴት ልብስ ስታራግፍ፣ ቆሻሻ የሚሰበስበው ሰው ፊሽካውን ሲነፋ ይሰማል። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። ልጇ ቆሞ ነው ያነሣው። «አቤት... አዎ... እሺ... ገብቶኛል... እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ እሺ... አይ፣ አልቀየምም... አመሰግናለሁ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። የሸሚዙን እጅጌ አወረደና ቁልፉን ቆለፈ። መጨማደዱን አይታ፣ አውልቀው ልተኩስልህ ልትለው አሰበች፤ ወዴት ሊሄድበት?

ምራቷ ገና ከደረጃው ነው ድምጿ የተሰማው፤ የፋርማሲዋን ነጭ ጋውን በክንዷ ይዛ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው!» እያለች በቀጥታ ወደ ማድቤት ገባች። የፍሪጁ በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። «ወሰዷቸው!» ብላ እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ በርቷል። «ነገርካቸው! ብልቃጦቹ አሉ ብለህ ነገርካቸው፣ ተስማሙ፣ እውነቴን አይደለም? ሁሉንም ነው የወሰዱት! ተናገር እንጂ!» ባሏን አንገቱን አቅፋ ጠጉሩን ሳመችው። «አንተ እኮ ጅል ነህ፣ እዚህ ተቀምጠህ እንዲህ ትጨማደዳለህ! እኔ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ተሳስቼ እንዳልሰጥ እየፈራሁ ስጸልይልህ ዋልኩ።»

ልጇ ከሚስቱ ትከሻ በላይ እናቱን አየ። ከስንት ዓመት ወዲህ በዓይኑ የለመናት ይኼ የመጀመሪያው ነበር። ነገ ይነገራል፤ ከነገ ወዲያ ይነገራል፤ ዛሬ ብቻ ይቅር። እናትየዋ ያን ዓይን ይቅርታ ነው ብላ ልታነበው ፈለገች፤ ይቅርታ አልነበረበትም፤ ሌላ የሚሸከምለት ሰው ያጣ ሰው ዓይን ነበር።

«አዎ» አለ። «ወሰዷቸው።»

«እማማ፣ ሰማሽ?» አለች ምራቷ፣ ወደ እሷ ዞራ ሁለት እጇን እየያዘች። «ልጅሽን እኮ ሥራው ላይ አቆዩት!»

«ሰማሁ ልጄ» አለች እናትየዋ። «እንኳን ደስ አለሽ።»

ምራቷ ቦርሳዋን አንሥታ፣ የእሑዱን ወጪ ዛሬ አወጣዋለሁ፣ ሥጋና ወተት እገዛለሁ፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ፍሪጅ እንሙላ እያለች ጫማዋን ሳታጠልቅ በነጠላ ጫማ ወጣች። እናትና ልጅ ባሉበት ቀሩ። ከታች፣ ከደረጃው መታጠፊያ፣ ምራቷ ጎረቤቲቱን አግኝታ ስትነግራት፣ ጎረቤቲቱም «እሰይ! እሰይ!» ስትል ይሰማል፤ ሌላ በር ተከፈተ፣ ሌላ ሰው ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀ፣ ምራቷም ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ትነግር ጀመር። ሁለቱም ሳይተያዩ፣ እስክትጨርስ ጠበቁ።